የበረዶ ጫማ ባሕር ዳር ይጠገናል?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ነው የሚማረው። በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ይወጣል። በኬብል ሳይሆን በገዛ እግሩ ነው፤ ስኪ ቱሪንግ ይሉታል። ለጥምቀት ሲመጣ ጫማውን፣ ጃኬቱንና ከመንሸራተቻው ሥር የሚለጠፉትን ሁለት ጨርቆች ይዞ መጣ። ‹እዚያ የጥገና ወረፋው ረጅም ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ እዚህ አሠሪልኝ› ብሎ እኔ ላይ ጥሎ ጎንደር ሄደ። የጃኬቱ ዚፕ ከኋላ ከኋላው ይከፈታል። የአንዱ ጫማ ዘለበት ተነቅሏል። አፍንጫው ላይ ያለው ብረትም ይነቃነቃል። ገበያ ያለው ጫማ ሰሪ አይቶ ሳቀብኝ። የት ልውሰደው? ጫማው ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም።»
ህ.፣ ከሽምብጥ

እህቴ፣ በጫማ ሰሪው አትፍረጂበት። እኔም በረዶ የማውቀው ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ድንኳን የሚያነጣውን ውርጭ ነው። ግን የቱሪስት ዕቃ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጫማም ሁለት ሦስቴ እጄ ገብቷል።

ከሁሉ በፊት ያንን የሚነቃነቅ ብረት ማንም እንዳይነካው። ጋራዥ ወስደሽ «ትንሽ በየድልኝ» እንዳትይ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ እዚያው ብረት ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ታያለሽ። የመንሸራተቻው ማሰሪያ እሾህ የመሰሉ ሁለት ብረቶች አሉት፤ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ይገባሉ። ሽቅብ ሲወጣ ተረከዙ ነፃ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ተረከዙም ይታሰራል። ይህን ያመጣው ፍሪትዝ ባርተል የሚባል ኦስትሪያዊ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ። ተንሸራታቹ ሲወድቅ ማሰሪያው እግሩን መልቀቅ አለበት። ብረቱ ከላላ ግን ሳይፈለግ ሊለቅ፣ ሲፈለግ ደግሞ እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ የሚሰበረው ጫማው ሳይሆን ቅልጥሙ ነው።

ይህ የሻጩ ዕዳ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ ዕቃ ሲሸጥ የነበረበት ጉድለት ከታየ ሻጩ እስከ ሁለት ዓመት ይጠየቃል። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ገዢው ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉድለቱ ከመጀመሪያውም እንደነበረ ይቆጠራል። በአጠቃቀም ያለቀ ነገር ግን አይካተትም። ስለዚህ ወንድምሽ ዓመቱ ሳይሞላ ዛሬውኑ ለሱቁ ኢሜይል ይላክ። የጫማው ሞዴል፣ ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቀን፣ የደረሰኙ ፎቶ ይኑርበት። የጫማውን ሙሉ ፎቶና ብረቱን ከቅርብ ያንሳው። ብረቱ ሲነቃነቅ የሚያሳይ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ከሦስት ገጽ እሮሮ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ በግልጽ ይጠይቅ፦ ትጠግኑታላችሁ ወይስ ትቀይሩታላችሁ? ስንት ቀን ይፈጃል? ጫማውንም ሲመለስ ይዞት ይሂድ። ከዚህ በፖስታ ልላክ ብትይ በጉምሩክና በመላኪያው ብቻ ትማረሪያለሽ።

ይህን የምልሽ እኔ ራሴ ተቃጥዬበት ነው። አንድ እንግዳ ሶሉ የተገነጠለ ቡትስ ትቶልኝ ሄደ፤ ገና አዲስ ነበር። እኔ ጎበዙ በማስቲሽ ግጥም አድርጌ ለጠፍኩለት። ሲታይ ያምራል! አገሩ ገብቶ ለድርጅቱ ሲያመለክት «ዕቃው በሌላ ሰው ተነክቷል» ብለው መለሱለት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ አልተቆጣኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ዋስትናው ያላለቀ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማነሳው ስልኬን ነው፤ ፎቶ ሳይነሳ ማስቲሽ አይከፈትም።

ዘለበቱም በዚያው ኢሜይል ይካተት። ዋስትናው ባይኖር ኖሮ ቀላል ሥራ ነበር፤ የተነቀለውን ሪቬት በትንሽ ብሎንና ዳዶ መተካት ነው።

ጃኬቱ ግን እዚሁ ይሠራል። ከኋላው የሚከፈት ዚፕ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው። የሰፋው የዚፑ ራስ ነው፣ እጅሽ ይዞ የሚጎትተው። ሙሉ ዚፕ ቀይሪ የሚልሽ ልብስ ሰፊ ካለ ተይው። መጀመሪያ ጥርሱን በድሮ የጥርስ ብሩሽ አጽጂ። ከዚያ የራሱን ሁለት ጎን ከኋላ በኩል በፒንሳ በስሱ ጫን ጫን አድርጊው፤ በስሱ ነው ያልኩት፣ ከተሰነጠቀ አለቀ። ካልያዘ ራሱ ብቻ ይቀየራል። ጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ 5 ከሆነ 5 ግዢ። ጃኬቱን ስታጥቢም በረኪናና ማለስለሻ አታስጠጊው፤ ማለስለሻ ውሃ የሚመልሰውን ሽፋን ያበላሸዋል።

ሁለቱ ጨርቆች በአንድ በኩል ፀጉር አላቸው። ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ስለሆነ መንሸራተቻው ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ አይንሸራተትም። ድሮ አቆስጣ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠሩት ነበር። በሌላው በኩል ሙጫ ነው፤ የባሕር ዳር አቧራ ከነካው ወዮለት። ሙጫውን ከሙጫው አጋጥመሽ እጠፊው፣ ከረጢት ውስጥ አድርጊና ጥላ ቦታ አስቀምጪ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይደር፣ አይዋል።

የጫማውን የውስጥ ለስላሳ ጫማ ደግሞ አውጪና በነፋስ አድርቂው። የጣና ታንኳ ሰዎችን አይተሻል? ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ታንኳውን ጎትተው ዳር ያቆሙታል፣ ሳይደርቅ ወደ ሥራ አይመለስም። እንደዚያ ነው።

«ቱሪስት የሰጠኝ ቡትስ ሦስት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ደባርቅ ሳልደርስ የሁለቱም ሶል ፈራረሰ። እንዴት ሳይለበስ ያልቃል?»
አስጎብኚው፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ

ወንድሜ፣ ያለቀውስ ሳይለበስ ስለቆየ ነው። ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ፖሊዩሬታን ይባላል፤ የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። እንደ እኛ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ይወቅ። እየተደረገ፣ አየር እያገኘ የሚኖር ቡትስ ይሻላል። በላስቲክ ጠቅልለህ ከሆነ ያስቀመጥከው፣ እርጥበቱን አብረህ ዘግተህበታል። ይህ በማስቲሽ አይመለስም፤ የሚለጠፍበት ራሱ ዱቄት ሆኗል። ላዩ ቆዳው ጤነኛ ከሆነ ሙሉ ሶል የሚሠራ ሰው ፈልግ፤ ካልሆነ ጣለው። ለሚቀጥለው ጉዞ ግን ከመነሳትህ ሳምንት በፊት ቡትስህን አድርገህ ሐይቁን ዳር ዳር ሁለት ሰዓት ሂድበት። የሚፈርስ ከሆነ ለባጃጅ ቅርብ በሆነ ቦታ ይፍረስ።