መልስ፦ 50 ኪሎ የዱቄት ማዳበሪያ (ጆንያ) የሚደረድር ሮቦት

ወንድሜ፣ ቡሬ ላለው ዱቄት ፋብሪካህ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ፓሌት (የእንጨት ርብራብ) ላይ የሚደረድር ሮቦት ፈልገህ፣ ያለ አጥር ከሰው ጎን የሚሠራው ትንሹ ይበቃኛል ወይ ብለሃል። አይበቃህም። የዚያ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ የሚያነሱት ከ30 ኪሎ በታች ነው። ደግሞ የማንሳት አቅም ሲባል በክንዱ ጫፍ ያለው መያዣ ክብደትም ይቆጠራል፤ መያዣው 40 ቢሆን ከማዳበሪያው ጋር 90 ኪሎ ሆነ። ከ110 ኪሎ በላይ የሚያነሳ ባለ 4 መገጣጠሚያ ጠይቅ፤ አጥሩ፣ በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው።

አየር እየሳበ የሚይዝ መያዣ ካቀረቡልህ እምቢ በል። የኛ ማዳበሪያ ሽምን ስለሆነ አየር ያሳልፋል፣ መያዣውም መብራት ሲሄድ የያዘውን ሊጥል ይችላል። ከሥር የሚገቡ ጣቶች ያሉት ይሻልሃል፤ ጣቶቹ እንዲገቡ ማዳበሪያው የሚመጣበት መስመር ባለ ሮለር መሆን አለበት።

ብዙው ችግር ከሮቦቱ በፊት ነው። ዱቄቱ ወደ አንድ ጫፍ ያበጠ ማዳበሪያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ክምሩን ያዘነብለዋል። ከላይ ተጭኖ የሚደለድል ሮለር አስቀድም። የባሕር ዛፍ ፓሌቶችህንም በአንድ ልክ አስመታ። በአንድ ረድፍ 5፣ ረድፉን እንደ ጡብ እያፈራረቅህ 4 ረድፍ፦ 10 ኩንታል።

በሰዓት 100 ማዳበሪያ የማትሞላ ከሆነ ግን ቀበቶ ማጓጓዣና ከፍ ዝቅ የሚል የፓሌት ጠረጴዛ ይበቃሃል፤ የጫኞቹም ወገብ ያርፋል።

ከገዛህ፣ ክንዱ ያለበትን ቦታ የሚያስታውስበትን ባትሪ አምራቹ በሚለው ጊዜ መቆጣጠሪያው እንደበራ ቀይር። አጥፍተህ ከቀየርህ ልኬቱን እንደ አዲስ ማስተካከል ሊኖርብህ ይችላል።