አሮጌ የገጠር ቤት ከነመስኩ እንግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው ሳስብበት አደርኩ። የለንደኑን ቤታችሁን ሸጣችሁ እንግሊዝ ገጠር፣ ሄርፎርድሸር ውስጥ፣ በጆርጂያን ዘመን (ከ1714 እስከ 1830ዎቹ እ.ኤ.አ.) የተሠራ ቤት ልትገዙ ነው። የአትክልት ቦታና ሁለት የግጦሽ መስክ አለው፤ በጠቅላላው 4 ኤከር፣ በ850 ሺህ ፓውንድ። «ለዚህ ሁሉ መሬት ዋጋው ረከሰብኝ፤ ምን ተደብቆብኝ ይሆን?» ነው ያልሽው።

ምንም ላይደበቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው ዝቅ የሚለው ከተገዛ በኋላ ገንዘብ ስለሚበላ ነው። እኔና ባለቤቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚያው አጠገብ ሽሮፕሸር ውስጥ ተመሳሳዩን ገዝተናል። አልተጸጸትንም። ግን አስቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር 40 ሺህ ፓውንድ ያህል ከኪሳችን አይወጣም ነበር።

(ባለቤትሽ «ጃንሆይም በስደታቸው ጊዜ ባዝ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ገዝተው ነበር» ማለቱ አሳቀኝ። እውነቱን ነው፤ ፌርፊልድ ሐውስን ገዝተው ኖረውበታል። ግን በ1958 እ.ኤ.አ. ለከተማው ሰጡት፤ የጥገናው ጣጣም አብሮ ሄደ። እናንተ የምትሰጡት ከተማ የላችሁም!)

መጀመሪያ፣ ቤቱን መቼ ነው ያየሽው? ጁን ላይ ከሆነ ገና አላየሽውም። ሣሩ ታጭዶ፣ ጽጌረዳው ግድግዳው ላይ ወጥቶ፣ እኛንም የያዘን እሱ ነው። ጃንዋሪ ላይ ዝናብ ሲጥል ተመልሰሽ ሂጂ። አሸንዳው የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ ውሃ መስኩ ላይ የት እንደሚተኛ ያኔ ታያለሽ። የእኛ ታችኛው መስክ ከዲሴምበር እስከ ማርች ጭቃ ነው። ኤጀንቱ ይህን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። የዚያ ዘመን ቤት የተሠራው በኖራ ነው። ግድግዳው ርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያተናል። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው «ልጠግን» ብሎ ውጩን በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። ርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሳሎናችን መጣ። ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባንበት፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ወጣ። በመጨረሻ ሲሚንቶውን አስፍቀን በኖራ ስናስለስን 16 ሺህ ፓውንድ ሄደ። ጎንደር ፋሲል ግቢም ጣሊያን በሲሚንቶ የጠገነውን በኋላ በኖራ ማስተካከል አስፈልጎ ነበር። የእኛው አገር ታሪክ እያለ እኔ እዚህ በገንዘቤ ተማርኩት።

ስለዚህ የባንኩን ግምት አትመኚ። እሱ ባንኩ ላበደረው ገንዘብ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም። ሌቭል 3 የሚባለውን ሰርቬይ፣ ማለትም ጥልቁን የቤት ምርመራ፣ አሠሪ፤ አሮጌ ቤት የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ፣ ሊስትድ የሚሉት፣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ግሬድ 2 በሚባለው ደረጃ ያሉ ናቸው። የቤቱን መልክ የሚነካ ሥራ ያለ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ውስጡንም ይጨምራል። የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፦ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራውን አዲሱን ባለቤት «መልስ» ሊሉት ይችላሉ። የጊዜ ገደብም የለውም። እኛ ቤት ከጀርባ የፕላስቲክ መስኮት ተገጥሞ ነበር። በእንጨት ለመቀየር 11 ሺህ አወጣን። ጠበቃሽ የእያንዳንዱን ለውጥ የፈቃድ ወረቀት ይጠይቅ። «ጠፍቷል» ካሉ፣ አልነበረም ብለሽ አስቢ።

ፍሳሹን እንዳትረሺ። ገጠር ላይ ብዙ ቤት ከዋናው መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ፍሳሹ የሚጠራቀመው ግቢው ውስጥ በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከሴፕቲክ ታንክ በቀጥታ ወደ ወንዝ ወይም ቦይ መልቀቅ አይፈቀድም። የእኛ የሚለቀው ወደ ቦይ ነበር። ማጣሪያ ያለው አዲስ ለማስገባት 14 ሺህ። ሄደሽ ስታዪ ክዳኑን ክፈቱልኝ በይ፤ አትፈሪ።

አሁን ወደ መስኩ። አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ነው፤ በጥማድ ለለመደ ከአንድ ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ባለቤቴ «ሁለት ፈረስ» ብሎ ነበር የገባው። ለአንድ ፈረስ ከ1 እስከ 1.5 ኤከር ይታሰባል፤ ጭቃ ከሆነ ከዚያም በላይ። ፈረስ ሣር ብቻ የሚግጥ ከሆነ የእርሻ መሬት ላይ ችግር የለውም። ለመጋለቢያና ለመዝናኛ የሚያዝ ከሆነ ግን የአጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከመስኩ ቆርሰሽ አትክልት ቦታውን ማስፋትም እንደዚያው ነው። ደግሞ ያን ባለ ቢጫ አበባ አረም፣ ራግወርትን፣ ተመልከቺ። የፈረስን ጉበት የሚገድል መርዝ ነው፤ ከነሥሩ ነው የሚነቀል።

ውሉ ውስጥ ኦቨሬጅ የሚል ቃል ካለ ቆም በይ። መስኩ ላይ ወደፊት የቤት መሥሪያ ፈቃድ ቢገኝ፣ ከሚጨምረው ዋጋ ሻጩ ድርሻ ይወስዳል ማለት ነው። የእኛ 30 በመቶ ለ25 ዓመት ነው። የእግር መንገድም ካርታው ላይ ፈልጊ። በእኛ መስክ የሕዝብ መንገድ ያልፋል፤ ሰው ውሻውን ይዞ በወጥ ቤት መስኮቴ ሥር ያልፋል። መዝጋት አይቻልም። ለምደነዋል፣ ቡናም የሚያሸታቸው አሉ።

ግብሩን በአጭሩ፦ ሌላ ቤት ከሌላችሁ በ850 ሺህ ላይ ስታምፕ ዱቲው (ቤት ሲገዛ የሚከፈለው ግብር) 32,500 ፓውንድ ነው። «መስክ ስላለው መኖሪያ ብቻ ሳይሆን ቅይጥ ነው፣ ግብሩ ይቀንስልሻል» የሚል ደላላ ቢመጣ ጠበቃሽን ሳትጠይቂ አትመኚው፤ በዚህ ብዙ ሰው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ተከራክሮ ተረትቷል። ስትሸጪም ከትርፍ ግብር በራሱ ነፃ የሚሆነው ቤቱን ጨምሮ እስከ 0.5 ሄክታር ነው። 4 ኤከር ደግሞ 1.6 ሄክታር ነው።

«በግ አረባለሁ፣ ለፋሲካም እዚያው» ላልሽው፦ ከአንድ በግ ጀምሮ የይዞታ ቁጥር ማውጣትና ጆሮው ላይ ምልክት ማድረግ ግዴታ ነው። ግቢሽ ውስጥ ማረድ የሚፈቀደው ለራስሽና አብሮሽ ለሚኖር ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እሱም በጉ ከመታረዱ በፊት ራሱን እንዲስት ከተደረገ። እንደ አገራችን በስመ አብ ብሎ ቢላ ማንሳት፣ ጎረቤት ጠርቶ ቅርጫ መከፋፈል አይቻልም። እኛ ዘንድሮም ቄራ ወስደን ነው ያሳረድነው። ቀጠሮ ከጾሙ አጋማሽ በፊት መያዝ አለበት። የት እንደሆነ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።