ድምፅን በዓይን ማየት፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአሸዋ፣ በውሃ፣ በብርሃንና በኮምፒውተር ድምፅን ወደ ሥዕል ስለመለወጥ ጅማ ያላችሁ ሠዓሊዎች፣ ሙዚቀኞችና መምህራን ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የምታዩት ሥዕል የድምፁ ብቻ አይደለም፤ ድምፁና የሚንቀጠቀጠው ዕቃ አብረው የሠሩት ነው። ዕቃውን አስተካክሎ የሠራ ሰው ሥራውን ከግማሽ በላይ ጨርሷል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ብረት ላይ አሸዋ እየዘለለ መስመር ሲሠራ ቪዲዮ ላይ አይቼ እኔም ልሞክር ብዬ ነው። ምን ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ያየኸው የክላድኒ ሰሌዳ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ በ1787 በመጽሐፍ አሳተመው፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1680፣ ዱቄት የተነሰነሰበት መስታወት ጠርዝ ላይ ደጋን እየሳበ ተመሳሳዩን አይቶ ነበር።

ሰሌዳህ 18 በ18 ሳ.ሜ የሆነ፣ 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ይሁን። ክብደቱ 87 ግራም ያህል ነው። በዚያው ልክ የተቆረጠ የብረት ላሜራ 250 ግራም ስለሚያልፍ የስፒከሩን ኮን (የሚንቀጠቀጠውን የወረቀት ክፍል) ተጭኖ ያሰምጠዋል። ከዚያ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች አሮጌ ስፒከር፣ 20 ዋት አካባቢ የሚሰጥ አምፕሊፋየር፣ ቶን የሚያወጣ አፕ የተጫነበት ስልክ፣ ባለ 4 ሚ.ሜ ቡሎን ከሦስት ዳዶና ከትንንሽ ሮንዴላዎች ጋር፣ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን እና ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሙጫ ያስፈልግሃል።

ሰሌዳው ላይ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር አስምር፤ የተገናኙበት ቦታ መሃሉ ነው። እዚያ በ4 ሚ.ሜ ድሪል ብሳው፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክል፣ ፊቱን በስስ ጥቁር ስፕሬይ ቀባው። ክዳኑን መሃሉ ላይ በስተህ ቡሎኑን ከውስጥ ወደ ውጭ አውጣና በአንድ ዳዶ አጥብቀው። ክዳኑን በኢፖክሲ ኮኑ መሃል ባለው ጉብታ ላይ ለጥፈህ ለአንድ ሙሉ ቀን አትንካው። የጠርሙስ ክዳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ 3 ሳ.ሜ ያህል ስፋቱ ከጉብታው ሥር ካለው የሽቦ ጥቅልል ቀለበት ጋር ይቀራረባል። ሙጫው ለስላሳው ጉብታ ላይ ብቻ ካረፈ ቀጭን ድምፆች ሰሌዳው ጋ ሳይደርሱ እዚያው ይቀራሉ። ሲደርቅ ሁለተኛውን ዳዶ፣ ሰሌዳውን፣ ሮንዴላውንና ሦስተኛውን ዳዶ አስገባ። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሳጥን ላይ ይቀመጥ።

አሸዋውን ከከፍታ፣ በጣት እየቆነጠርክ፣ ሳሳ አድርገህ ነስንስ። ቶኑ ሳይን ሞገድ፣ ማለትም አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው ንጹሕ ድምፅ፣ ይሁን። ድምፁን ዝቅ አድርገህ ከ150 ኸርዝ (ኸርዝ የድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት መለኪያ ነው) ጀምርና ቀስ እያልክ ውጣ። አሸዋው መዝለል ሲጀምርና ድምፁ በድንገት ጎላ ሲል ቁም፤ ከዚያ በኋላ በ1 ኸርዝ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች እያልክ ፈልግ። ትክክለኛዋን ስታገኝ አሸዋው ከሚንቀጠቀጠው ቦታ ሸሽቶ በማይንቀሳቀሱት መስመሮች ላይ ይሰበሰባል፤ አሥር ሰከንድ ያህል ቢፈጅ ነው። ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር መስመሮቹ ይበዛሉ።

ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለው ድምፅ ጆሮ ከሁሉም በላይ የሚሰማውና የሚጎዳበት ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ ሳታደርግ እዚያ አትግባ። አምፕሊፋየሩ መንተፋተፍ ከጀመረም ቀንስ፤ የስፒከሩ ሽቦ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ አሸዋዬ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ይፈሳል። ሲሳካልኝ ደግሞ ሥዕሉ ሁልጊዜ በአራቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያው የውሃ ልክ ጉዳይ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ሰሌዳው ላይ በሁለት አቅጣጫ አስቀምጥና ከሳጥኑ ሥር ወረቀት እያጠፍክ አስተካክል። ልኩ ትክክል ሆኖም የሚፈስ ከሆነ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ሥዕሉ የሚዛነፍ ከሆነ ግን ወይ ቀዳዳው ከመሃል ወጥቷል፣ ወይ ላሜራው ሲቆረጥ ጎብጧል። በእጅ መቀስ የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ላይ ይጎብጣል፤ በመጋዝ ወይም በማሽን አስቆርጠው።

ሁለተኛው ጥፋት አይደለም። ሰሌዳውን ከመሃል እየገፋህ ስለሆነ መሃሉ የግድ ይንቀጠቀጣል፤ መሃሉ ላይ መስመር የሚያልፍባቸው ሥዕሎች በሙሉ ቀሩብህ ማለት ነው። ከመሃሉ 4 ሳ.ሜ ራቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ብሳና እዚያ እሰረው። አዳዲስ ሥዕሎች ይመጣሉ፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ሰሌዳው ትንሽ ስፖንጅ ሥሩ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጅማ ዝናብ ከጀመረ ምንም ነገር አይደርቅም። ጨው ስጠቀም ይጓጉላል።

መልስ፦ ጨው እርጥበት ይስባል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። ለክረምት አሸዋ ይሻላል፦ እስኪጠራ እጠቢው፣ ምጣድ ላይ አድርቂው፣ በጥሩ ወንፊት ነፍተሽ ብናኙን ጣይ፣ ከዚያ በላላ ወንፊት ነፍተሽ ጠጠሩን ጣይ። መሃል የቀረው ነው የሚፈለገው። ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ይቀመጥ። ጨው ካልሆነ የምትዪ ከሆነ ከመጠቀምሽ በፊት ምጣድ ላይ አሙቂው፣ ስትጨርሺ ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ።

ጥያቄ፦ የቡና አገር ሰዎች ነን፤ በቡና ዱቄት መሥራት አይቻልም? ቤት ያለውን ሌላ ዱቄትስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ለስኒ የሚሆነው ቡና ለሰሌዳ አይሆንም። ጠቁሮ የተቆላ ቡና ዘይቱ ስለሚወጣ እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ሳሳ ተደርጎ የተቆላውን፣ ሸካራ ተደርጎ የተወቀጠውን፣ ብናኙ በወንፊት የወጣለትን ተጠቀም፤ ሰሌዳው ደግሞ ነጭ ይቀባ።

የብናኙ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሀብት ነው። በጣም የላመ ዱቄት ከአሸዋ ተቃራኒ ይሠራል፦ አሸዋው በማይንቀሳቀሰው መስመር ላይ ሲያርፍ፣ ዱቄቱ በጣም በሚንቀጠቀጠው ቦታ ላይ ይከመራል። ምክንያቱን ማይክል ፋራዴይ በ1831 አስረድቷል፤ ከሚንቀጠቀጠው ገጽ በላይ ትንንሽ የአየር ዝውውሮች ይፈጠራሉ፣ ቀላሉን ብናኝ ይዘውት ወደዚያ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከሂርማታ መርካቶ የላመ እርድ ገዝተህ፣ ሁለት ቁንጥር ነጭ አሸዋ ከግማሽ ቁንጥር እርድ ጋር ቀላቅለህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነስንስ። ነጩ መስመር ሆኖ ይዘረጋል፣ ቢጫው በመስመሮቹ መሃል ጉብ ጉብ ብሎ ይቆማል። አንዱን ድምፅ በሁለት ቀለም ከፍለህ አየኸው ማለት ነው፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሙከራ በጣም ቆንጆው ይሄ ነው። በርበሬ ግን እንዳትሞክር፤ አየር ላይ ተነስቶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ 432 ኸርዝ “ቅዱስ” ሥዕል ይሠራል፣ 440 ግን የተበላሸ ሥዕል ይሠራል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የካሬ ሰሌዳ ድግግሞሽ ከጎኑ ርዝመት ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፦ ጎኑን እጥፍ ብታደርገው ድግግሞሹ ሩብ ይሆናል። በዚህ ስሌት 18 ሳ.ሜ የነበረውን ሰሌዳ 1.7 ሚ.ሜ ያህል ብታሰፋው፣ ቀድሞ በ440 ይወጣ የነበረው ሥዕል አሁን በ432 ይወጣል። ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት የሚለውጠው ነገር የቁጥሩ ቅድስና ሊሆን አይችልም። ስም ወይም ጸሎት ብትናገርበትም የሚወጣው ሰሌዳው የሚችለው ሥዕል ነው እንጂ የቃሉ መልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዘፈን ስከፍትበት ለምን አሸዋው ዝም ብሎ ይተረማመሳል?

መልስ፦ ሰሌዳው የሚመልሰው ለራሱ ድግግሞሾች ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ አሸዋው ሳያርፍ ይቀየራል። አንድ የክራር ወይም የዋሽንት ድምፅ ቅዳ፣ ውስጡ ያሉትን ጠንካራ ድግግሞሾች በኮምፒውተር ለይ፣ እያንዳንዱን ሰሌዳው ከሚወደው ቅርብ ድግግሞሽ ጋር አጣምረህ ለአሥር ሰከንድ አጫውት፣ ፎቶ አንሳ። የዜማው ቅደም ተከተል በፎቶዎቹ ይነበባል። ይህ የአንተ ምርጫ የገባበት ትርጉም መሆኑን ግን ለተመልካች ንገር።

ጥያቄ፦ የበገናን ድምፅ በኮምፒውተር ሥዕል ማድረግ እፈልጋለሁ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ሳየው ደብዛዛ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የመስኮቱን መጠን ቀይሪ፤ መስኮት የምለው ፕሮግራሙ ድምፁን እየቆረጠ የሚመረምርበትን የአንድ ቁራጭ ርዝመት ነው። ድምፁ በ44100 ኸርዝ ከተቀዳ፣ 2048 የሆነ መስኮት በ46 ሚሊሰከንድ እየቆረጠ ያያል፣ በ21.5 ኸርዝ የሚራራቁ ድምፆችን ይለያል። 8192 ብታደርጊው 5.4 ኸርዝ ድረስ ይለያል፤ ጊዜው ግን ወደ 186 ሚሊሰከንድ ይሰፋል። ለበገና 8192 ይሁን፤ እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ) የሚሰጠው ንዝረት አንዱን አውታር ብዙ ደረጃ ያለው መሰላል አድርጎ ይዘረጋልሻል፣ እያንዳንዱ መስመርም ጥርት ይላል። ለከበሮ በተቃራኒው 512 ወይም 1024 ተጠቀሚ፣ ካልሆነ ምቱ ይደበዝዛል። የሰው ንግግርም ሞክሪ፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጰ ያሉበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ባዶ ክፍተት፣ ቀጥሎ እንደ ስንጥቅ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ይህን ክፍተት በሽመና ወይም በቀለም ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ፤ መብራትም ይጠፋል።

መልስ፦ መምህር፣ ለእርስዎ ክፍል ስፒከር አያስፈልግም። ዌልሳዊቷ ዘፋኝ ማርጋሬት ዋትስ ሂዩዝ በ1885 አይዶፎን ብላ የጠራችውን ዓይነት መሣሪያ በቀላሉ መሥራት ይችላሉ። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ባለ 110 ሚ.ሜ ፒቪሲ ኤልቦ (እንደ ክርን የታጠፈ ቱቦ) ይግዙ፤ ለስድስት ተማሪ አንድ ቢሆን 10 ይበቃል። የትልቅ ፊኛ አንገቱን ቆርጠው በአንዱ አፍ ላይ ይወጥሩና በፕላስተር ይጠምጥሙት። ውጥረቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ሥዕሉ ወደ ላላው በኩል ይሸሻል። ላዩ ላይ ሳሳ ያለ ጨው ይነስንሱ፤ ተማሪው በሌላው አፍ “ኡ” እያለ አንድ ድምፅ ሳይለውጥ ይያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይውጣ። አፍ እንዳይነካካ እያንዳንዱ የራሱን የወረቀት ጡሩምባ ይጠቅልል።

ጥያቄ፦ ውሃና ሌዘርስ?

መልስ፦ ለውሃ፦ ጥቁር ዝርግ ሳህን ስፒከሩ ላይ አጣብቅ፣ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ ውሃ ሙላ፣ ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ሞክር። ፋራዴይ በዚያው በ1831 እንዳሳየው ውሃው ከሚነዳው ድምፅ በግማሽ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ 60 ኸርዝ ብትሰጠው ሞገዱ 30 ነው፣ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀዳ ስልክም የቆመ ያህል አድርጎ ያሳይሃል። በመብራት ኃይል የሚሠራ ርካሽ አምፖል ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ይጥላል፤ በባትሪ የሚሠራ ክብ መብራት ተጠቀም።

ለሌዘር፦ የድልህ ቆርቆሮ ሁለቱንም ክዳን ቆርጠህ አንዱን አፍ በፊኛ ወጥር፣ 5 ሚ.ሜ የምታህል የመስታወት ስባሪ ለጥፍ። መሃሉ ላይ አይደለም፤ ከመሃሉና ከጠርዙ እኩል ርቀት ላይ። በሌላው አፍ ድምፅ ስታሰማ፣ መስታወቱ ላይ ያረፈው የሌዘር ጨረር ተንጸባርቆ ግድግዳ ላይ ይሥላል። መሃሉ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ስለሚል ጨረሩን አያዛባውም። ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ ሌዘር ይሁን፤ የተንጸባረቀውም ወደ ሰው ዓይን እንዳይሄድ ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ ይመረጥ።

ጥያቄ፦ የጅማ በርጩማ እጠርባለሁ። እነዚህን ሥዕሎች መቀመጫው ላይ መቅረጽ እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። መቀመጫው ክብ ስለሆነ ክብ ሰሌዳ ቁረጥ፤ ነገር ግን ከመሃል በስፒከር የተነዳ ክብ ሰሌዳ የሚሰጥህ ክብ በክብ ውስጥ ብቻ ነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ መስመሮች ከፈለግህ እንደ ክላድኒ በደጋን ሥራ። 2 ሚ.ሜ ውፍረት ያለውን አሉሚኒየም መሃሉን የቆመ ቡሎን ላይ እሰር፣ የዛፍ ሙጫ የተቀባ የማሲንቆ ደጋን ጠርዙ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳብ፣ በሌላ እጅህ ጣት ጠርዙን ንካ። ጣትህ ከደጋኑ 45 ዲግሪ ከራቀ ክቡን በአራት የሚከፍሉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ፤ 30 ዲግሪ ከራቀ ሦስት፣ 22.5 ከሆነ አራት። ደጋኑ የሚጮኸው ነገር ግን አሸዋው የማይነቃነቅ ከሆነ ሙጫው አንሷል ወይም ቡሎኑ ላልቷል።

በቀጥታ ከላይ ፎቶ አንሳ፣ በመቀመጫው ልክ አትም፣ በካርቦን ወረቀት ገልብጥ። መቀመጫው ጎድጓዳ ስለሆነ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ከጠርዙ ወደ መሃል ስምንት ቦታ ሰንጥቀው፣ መሃሉን መጀመሪያ አጣብቅና ክንፎቹን አንድ በአንድ አስተኛ። የዋንዛ ሰሌዳ ራሱን ማንቀጥቀጥም ትችላለህ፤ እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ ከጎኑ ይልቅ በጣም ስለሚጠነክር፣ በአሉሚኒየም ክብ የነበረው መስመር በጭረቱ በኩል ተስቦ እንደ እንቁላል ይረዝማል። የዚያን እንጨት ሥዕል ከፈለግህ 3 ሚ.ሜ አድርገህ ላገው፣ በሁለቱም ፊት እኩል በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሳይደርቅ ግን አትጀምር፤ እርጥብ እንጨት ንዝረቱን ይውጠዋል።