ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚሰጥ ሥልጠና፦ ለድሬ ወጣቶች

የድሬ ልጆች፣ በተለይ በሠራተኛ ማኅበር የተመረጣችሁና በሰው ኃይል ክፍል ሥራ የጀመራችሁ፦

በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (አሜሪካ ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስትታገድ የልብስ ፋብሪካ ትእዛዝ እንዴት በአንዴ ሊቀዘቅዝ እንደሚችል አይታችኋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ማኅበሩና አመራሩ በጋራ ሠራተኛ ቢያሠለጥኑ መልካም ነው። የሥልጠናው ስምምነት ማሽን ከቆመ በኋላ ከተጻፈ ግን ረፍዷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው ባላሰበው የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ለማቆም ከተገደደ የሥራ ውሉ እስከ 90 ቀን ሊታገድ ይችላል፤ በእገዳው ጊዜ ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ያለ ደመወዝ ደግሞ ከሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ከፍሎ ለሥልጠና የሚመጣ የለም። ስለዚህ «የሥልጠና ሰዓት ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ነው፣ በእገዳ ጊዜም ቢሆን» የሚለውን በደህናው ቀን ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ውስጥ አስገቡት።

ገንዘቡም እንደዚሁ አስቀድሞ ይታሰብ። ፎርድና የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1982 ለእያንዳንዱ የተሠራ ሰዓት 5 ሴንት ለጋራ ሥልጠና እንዲቀመጥ ተስማሙ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ችግሩ ሰዓት ሲቀንስ ገቢውም አብሮ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ሥራ በሞላበት ወቅት ይጠራቀም፣ ከሁለቱም ወገን ፊርማ ውጭም አይንቀሳቀስ።

አብዝታችሁ ልታስቡበት የሚገባው የሠልጣኝ መረጣ ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ አዋጁ ቅድሚያ እንዲቆዩ የሚለው ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያላቸውን ነው፤ የአገልግሎት ዘመን የሚታየው በእነዚህ እኩል ሲሆኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምታወጡት የሠልጣኝ ዝርዝር ነገ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ ይወስናል ማለት ነው። አለቃ ብቻውን ከመረጠ ወዳጁን ይመርጣል፣ ማኅበሩ ብቻውን ከመረጠም እንዲሁ። ሰንጠረዥ አውጡ፦ በግራ ስም፣ በላይ የሥራ ዓይነት። 0 አያውቅም፣ 1 በእርዳታ ይሠራል፣ 2 ብቻውን ይሠራል፣ 3 ሌላ ያስተምራል። የመስመር አለቃውና የማኅበሩ ተወካይ አብረው ሞልተው ይፈርሙ፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ባለ 3ቱ አሠልጣኝ ይሁኑ፣ ባለ 0ና ባለ 1ዱ ይሠልጥኑ።

አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ተነሳሽነት ማውራት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። የቆመ ማሽን ለመፍታትና ለመግጠም የሚመች ነው፤ ትእዛዝ ሲበዛ ይህ ዕድል አይገኝም። ለምሳሌ ባለ አንድ መርፌ ማሽን ስፌት ሲዘል ጀማሪ ሮጦ ታይሚንጉን (መርፌውና ክር ያዡ መንጠቆ የሚገናኙበትን ቅንብር) ይነካል። ማሽኑ ይጥፋ፣ ከዚያ መጀመሪያ መርፌው ይታይ፦ አልተጣመመም? እስከ ላይ ገብቷል? ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ዞሯል? ቀጥሎ ክሩ የሚያልፍበት መንገድና ውጥረቱ ይፈተሽ። ታይሚንግ የመጨረሻው ነው። መርፌው ተጣሞ ሳለ ታይሚንግ ከተነካ አንድ ብልሽት ሁለት ይሆናል። ለአንድ ማሽን ከሁለት ሰው አይበልጥ፤ ሦስተኛው ቆሞ ተመልካች ነው። ማብራሪያው በኦሮምኛና በሶማሊኛም ይሰጥ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ጠዋት ይሁን።

አንድ አስቸኳይ ትእዛዝ ሲመጣ ሠልጣኙ ወደ መስመር ይጠራል፣ ሥልጠናውም በዚያው ይቀራል። የተቋረጠው ሰዓት በ15 ቀን ውስጥ እንዲተካ አስቀድማችሁ ጻፉ። ሲጨርሱም ለሙያ ብቃት ምዘና ይቅረቡ፤ የፋብሪካው ወረቀት ሌላ ደጃፍ ላይ ላይሠራ ይችላል። የምዘናውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም እዚያው ስምምነት ላይ ይስፈር።