የአባቴ ቮልስ ቡሎን አልፈታ አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ ትቷት የሄደው ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ሥር ከቆመች 11 ዓመቷ ነው። የ1972 ሥሪት ናት፣ ባለ 1300 ሞተር። ለእሱ መታሰቢያ ላድሳት ቆርጬ ተነሣሁ። ግን ገና ከጅምሩ ተያዝኩ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የታሰረባቸው ዳዶዎች፣ ቡሎን ላይ የሚጠመዘዙት፣ ዝገው ድንጋይ ሆነዋል። አንዱን መፍቻ ላይ ቱቦ ቀጥዬ ስስበው ቡሎኑ ተቆርጦ ውስጥ ቀረ። የኋላ ጎማ መሀል ያለው ትልቁ ዳዶም ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቴ «በእሳት አንድደው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (የቮልሷ ልጅ፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቱቦውን አስቀምጠው። ለማርሚታው ቱቦ አያስፈልግም።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዳዶውና በቡሎኑ ጥርስ መሀል ያለችው ክፍተት ደግሞ በጣም ጠባብ ናት። እዚያ ውስጥ ያበጠው ዝገት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። አንተ ስትስብ ዳዶው አይዞርም፤ ቡሎኑ ነው የሚጠመዘዘው። የማርሚታው ቡሎን 8 ሚሊ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ስንት ዓመት በጭስ ሙቀት ተቃጥሏል። ቢቆረጥ አይፈረድበትም።

እኔም ጋራዥ በገባሁ በሁለተኛ ዓመቴ የደንበኛ ቮልስ ላይ በአንድ ጠዋት ሁለት ቆርጫለሁ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። መፍቻውን ከእጄ ወሰደና የዘይት ጣሳ ሰጠኝ። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ እያንጠባጠብኩ እንድጠብቅ አዘዘኝ። በአራተኛው ቀን የቀሩት ሁለቱ በአጭር መፍቻ ተፈቱ። ሲለቅ «ጢቅ» ይላል፤ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ነው። ሊቆረጥ ያለ ቡሎን ግን ድምፅ የለውም። እጅህ ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። መፍቻው እየዞረልህ ይመስልሃል፣ ግን ምንም አልተፈታም። ያ ልስላሴ ከተሰማህ እዚያው ላይ አቁም።

አሁን ወደ ቀሩት ሦስት ዳዶዎች። የወጣውን የቡሎን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። ዝገቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወደ ውስጥ አይገባም። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ካገኘህ ጥሩ። ካላገኘህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅል። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀምክ ቁጥር በጥብጠው። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ቀለምም ይልጣል፤ ተጠንቀቅ። ናፍጣም ይሠራል፣ ግን ያዘግማል። ጠብ ካደረግህ በኋላ ዳዶውን ጎን ጎኑን በትንሽ ማርቴሎ ቀስ እያልክ ምታው። ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል።

ለመፍታት ስትሞክር ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚውጥ መፍቻ) ያዝ። ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይበላል። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ንካው። ዝገቱን የሚሰብረው ያቺ እንቅስቃሴ ናት። ሩብ ዙር ፍታ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሚያወጣው እሱ ነው።

የጎረቤትህ እሳት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። የሚሞቀው ግን ዳዶው ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ሰፍቶ ይላቀቃል። ሞቅ እንዳለ ጧፍ አስጠጋበት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሳባል። እኔ ይህን ከማንኛውም ዘይት እመርጣለሁ። ነገር ግን የቮልስ የሞተሩ አካል ራሱ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው። አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም፤ ውሃ ያባብሰዋል። ቤንዚን መስመሩና ካርቡራተሩም እዚያው ጎን ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ መኪናዋ ላይ እያለ ነበልባል አታስጠጋ።

ሞተሩን አውርደው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ቡሎን ነው። ክሪክና አንድ ጓደኛ ካለህ ከሰዓት በኋላ ታወርደዋለህ። ተቆርጦ የቀረውንም የምታወጣው ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ከወጣ፣ በያጅ አዲስ ዳዶ አናቱ ላይ አስቀምጦ በቀዳዳው በኩል ይበይደዋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ብየዳው እሱን አይዘውም። የብየዳው ሙቀትም ራሱ ያላቅቀዋል። ሲቀዘቅዝ በዳዶው ፍታው። ከቴስታታው ፊት እኩል ከተቆረጠ ግን መሀሉን በሹል መምቻ ነጥብ አድርግበትና በ3 ሚሊ ትራፓኖ መብሳት ጀምር። እጅህን ካላመንክ ቶርኖ ቤት ውሰደው። መሀሉን ከሳትክ የምታጣው ቴስታታውን ነው።

ዳዶና ቡሎን ለመሠዋት አትሳሳ። አልፈታ ያለውን ዳዶ በብረት መጋዝ ቁረጠው። ያንተ ቮልስ በተሠራችበት ዓመት፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972፣ ቮልስ 15,007,034ኛዋ ወጥታ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጅ እስከ 2003 ድረስ ተሠርታለች። ስለዚህ ዕቃዋ ዛሬም ይገኛል። መጀመሪያ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ጠይቅ።

ትልቁ የኋላ ዳዶ ሌላ ነገር ነው። ቱቦህን አሁን አንሣው። መፍቻው 36 ነው። ኮፒሊያውን፣ ዳዶው እንዳይዞር የሚቆልፈውን ሽቦ፣ ነቅለህ አውጣ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጎማው መሬት ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ። ክሪክ ላይ በተንጠለጠለች መኪና ይህን ፈጽሞ አትሞክር፤ ተንሸራታ ትወድቃለች። ዳዶው ፋብሪካ ውስጥ ሲጠብቅ ወደ 30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። በ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ 30 ኪሎ ማለት ነው። ከዝገቱ ጋር የአንድ ሰው ሙሉ ክብደት ሊጠይቅ ይችላል። ስትመልሰውም በዚያው ልክ አጥብቀው። ከላላ የጎማ ማሰሪያውን ጥርስ ይበላዋል።

ወደ ፊት ስትሄድ ደግሞ በግራ በኩል ያለው የፊት ጎማ መሀል ዳዶ ጥርሱ ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሳ። ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ስንቱ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል።

የኋላ ወንበሩንም በስተቀኝ ከፍተህ እየው። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። የባትሪ አሲድ ወለሉን በልቶት ይሆናል። 11 ዓመት ከቆመች የአባትህን ቮልስ ከማርሚታው ይልቅ የሚያሰጋት እሱ ነው። ላሜራው በጣት ሲጫን ከተሸነቆረ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ስለ ወለል ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ እጽፍልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ዝገት በአቼቶ ይለቃል ይባላል፤ በኮካም እንዲሁ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አቼቶ ይሠራል። ተፈትተው ለወጡ ትናንሽ የብረት ዕቃዎች ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፈህ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ትጠርገዋለህ። አሉሚኒየምና ኒኬል የተቀባ ነገር አትጨምርበት። ሞላም አትዘፍዝፍ፤ አሲዱ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ኮካም ትንሽ አሲድ አለው፣ ግን ደካማ ነው፤ ስኳሩም ይጣበቃል። አቼቶ እያለ አልመርጠውም። ከአቼቶው እንዳወጣኸው በውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፣ አድርቀው፣ በዚያው ሰዓት ዘይት ቀባው። ለማታ ካልከው ብርቱካናማ አቧራ ይዞ ይጠብቅሃል።