በረዶ የመታው በቆሎ ቶሎ አይገለበጥም

ከጅማ ዞን ማና ወረዳ አንድ አባት በልጃቸው ስልክ ጥያቄ ልከውልኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አምና መጋቢት ላይ በረዶ የቡናዬን አበባ አረገፈው። ግንቦት ላይ ተመልሶ መጥቶ በቆሎዬን ቆራረጠብኝ፤ ገልብጬ እንደገና ዘራሁ። ዘንድሮ ደግሞ የካቲት ሳያልቅ ሁለት ቀን ዘነበ። በሬዲዮም በልጉ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። በቆሎውን አሁን ልዝራ? በረዶውስ ዘንድሮም ይመጣል? ልጄ እንዲህ ያለ በረዶ የዘንድሮ ዘመን ነው፣ ድሮ አልነበረም ይለኛል።»

ጋሼ፣ ከልጅዎ ልጀምርና፣ በዚህ እንኳ ተሳስቷል። በዓለም ላይ በበረዶ ብዙ ሰው ያለቀበት ቀን ተብሎ የተመዘገበው ከ130 ዓመት በላይ አልፎታል። በህንድ ሞራዳባድ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1888፣ 246 ሰው ሞቷል። ባንግላዴሽ ጎፓልጋንጅ ላይ ደግሞ በኤፕሪል 1986 አንዱ ፍሬ ብቻ ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን በረዶ ወርዶ 92 ሰው ገድሏል። እዚያው ባንግላዴሽ በኤፕሪል 1989 ከእንዲህ ያለ ነጎድጓድ የሚወለደው ቶርኔዶ የሚባል አውሎ ንፋስ 1,300 የሚገመት ሰው ጨርሷል። ወሩን ልብ ይበሉልኝ፤ ሦስቱም በእኛ ሚያዝያ ውስጥ ነው የሚወድቁት። ዋናው ዝናብ ሳይገባ መሬቱ በበጋው ፀሐይ ግሎ ይቆያል፣ ከታች እርጥብ አየር ይገባል፣ ከላይ ያለው አየር ገና ብርድ ነው። ሙቁ አየር ሽቅብ ሲተኮስ ጠብታውን ይዞት ይወጣና ያቀዘቅዘዋል። ጅማም በበልግ ይኸው ነው፤ እርጥበቱ ከህንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል፣ ጠዋት ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። የእኛ በረዶ እንደዚያ ሰው አይፍጅ እንጂ አበባና ቡቃያ ይበቃዋል።

ዘንድሮ ይመጣል ወይ ላሉኝ፣ የትኛው ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚወርድ ከወር በፊት የሚነግርዎት ሰው ካለ አይመኑት። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የበልግ ትንበያ ስለ ዝናቡ ጠቅላላ መጠን ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእያንዳንዱም ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ከተባለ ሌላው 55 በመቶ ወደ ሁለቱ ሄዷል ማለት ነው። ሬዲዮ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም «ጥሩ ነው» ሆኖ ያርፋል። ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው የ10 ቀኑ ትንበያ ነው። ዲኤውን (የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ) ይጠይቁት፣ ካልነገረዎትም ይጨቅጭቁት።

አሁን አይዝሩ። የሁለት ቀን ዝናብ የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል፣ ዘሩን ያበቅላል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ቡቃያውን ያደርቀዋል። ዶማ ይዘው ማሳው መሃል ስንዝር ተኩል ያህል ይቆፍሩ። ከጉድጓዱ ሥር ያለውን አፈር ጨብጠው ይልቀቁት። እንደ ዱቄት ከተበተነ ገና ነው። ተጣብቆ ከቀረና ደጋግሞ የሚዘንብ ከሆነ ይዝሩ። እስከዚያ ማሳውን ደግመው ይረሱት፣ ዘርና ማዳበሪያውንም ያዘጋጁ።

ግንቦት ላይ የገለበጡት በቆሎ ነገር ግን ቆጭቶኛል። ከጉልበት በታች ከነበረ አልሞተም ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። አዲስ ሠራተኛ እያለሁ እኔም አንድ ገበሬ በረዶ የመታውን ማሳ እንዲገለብጥ አድርጌ ነበር። ጎረቤቱ ዘር መግዣ አጥቶ እንዲሁ ተወው። በመኸር ጎረቤቱ ቀድሞ እሸት በላ፤ እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ አፍሬ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የሚያድግበት ጫፍ አፈር ውስጥ ነው ያለው። በረዶው ቅጠሉን እንደ ጨርቅ ቢተለትለውም ጫፉን አይነካውም። ስለዚህ ከበረዶው በኋላ አንድ ሳምንት ይታገሡ። ከዚያ ከማሳው አምስት ቦታ ላይ አሥር አሥር ተክል ይዩ፤ ከመሃሉ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል እየገፋ ከሆነ ደህና ነው። ከተጠራጠሩ አንዱን ከነሥሩ ነቅለው አገዳውን በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ይሰንጥቁት። ከሥሩ ከፍ ብሎ ያለው ጫፍ ነጭና ጠንከር ያለ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ አለቀለት። ከግማሽ በላይ ከተረፈ አይገልብጡ፣ ባዶ ቦታው ላይ ቦሎቄ ጣል ያድርጉበት። ዩሪያውን አዲስ ቅጠል ሲያዩ እንጂ በማግስቱ አይርጩ። መገልበጥ ግድ ከሆነና ጊዜው ከገፋ፣ 160 ቀን አካባቢ የሚፈልገውን ቢኤች 660 የተባለ የበቆሎ ዝርያ ትተው ቶሎ የሚደርሰውን ቢኤች 540 ይፈልጉ።

ቡናው ላይ የካቲቱ ዝናብ ሥራ ጀምሯል። በበጋ ተኝቶ የከረመ እምቡጥ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፣ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ይፈነዳል። የዘነበበትን ቀን ግድግዳ ላይ በከሰል ይጻፉት፤ አበባው መቼ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ያልደረሰው እምቡጥ ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ያብባል። በዚህ ገበሬው ያማርራል፣ ለቀማው ሦስት አራት ዙር ስለሚሆን። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ አንዱን ዙር በረዶ ቢወስደው ሌላው ይተርፋል።

የረገፈ አበባ ሁሉ የጠፋ ምርት አይደለም። የእኛ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ አበባውም በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። ቅርንጫፉን ቀረብ አድርገው ሲያዩ ነጩ ረግፎ ከሥሩ የክብሪት ራስ የማታህል አረንጓዴ ነጥብ ከቀረች ፍሬው አለ። የተሰበረውን ቅርንጫፍ ማሳው ጠፈፍ ሲል ከቁስሉ ዝቅ አድርገው በስለት ይቁረጡ። እርጥብ እያለ አይንኩት፣ በቁስሉ በሽታ ይገባል። ለረጅሙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ ጥላ ነው፦ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ። በረዶውን ቀድመው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። የደረቀና የተንጠለጠለ ቅርንጫፋቸውን ግን አሁኑኑ ያውርዱ፣ በንፋስ ቡናው ላይ እንዳይወድቅ።

ከብቶቹን ነጎድጓድ ሲጀምር ከብቸኛ ዛፍ ሥር ያርቁ። እረኛውም እዚያ አይጠለል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ እንጂ ወደ ሜዳ አይውጣ። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ መብረቅ አንዲት ጎጆ ውስጥ የተጠለሉ 21 ሰዎችን በአንዴ ገድሏል፣ ስለዚህ ማሳ ላይ ያለችው የጥበቃ ጎጆም አታስተማምንም፤ ደህና ቤት ይግቡ።

በረዶ ከመጣ የሰነጠቁትን አገዳ ልጅዎ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ማረሻውን ከማንሳትዎ በፊት ግን።