ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ቅባቱን ባቆምኩ ቁጥር ፊቴ ይነዳል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጮቼና አፍንጫዬ ድንገት እየጋሉ ያቃጥሉኛል። ከዚያ ብጉር የመሰሉ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹልኝ፤ ባሰብኝ። መድኃኒት ቤት ስሄድ አንድ ቅባት ሰጡኝ። በሦስት ቀን ፊቴ ጥርት አለ። ግን ባቆምኩ በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። አሁን ያለ እሱ ከቤት መውጣት አልችልም። ሰሞኑን ዓይኔም አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል። አንዷ ዘመዴ ደግሞ «መጠጥ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ጠላ እንኳ አልቀምስም! የማውቃት ነርስ «ሮዜሺያ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳየው ግን ፎቶው ሁሉ የፈረንጅ ነው። እኛንም ይይዛል? ይድናል? ቡናስ ልተው?

መልስ፦ አዎ፣ እኛንም ይይዛል። ሮዜሺያ ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ይህ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ አንዱ ችግር በሽታው ቢኖርም አለመታየቱ ነው። መጽሐፉ «ፊት ይቀላል» ይላል። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በቆዳው ቀለም ይሸፈንና ጠቆር ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥላ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ብጉር ነው፣ ማዲያት ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ቅላት ከመፈለጌ በፊት የምጠይቀው ስሜቱን ነው። ይግላል? ያቃጥላል? ሳሙና ወይም ቅባት ሲነካው ይለበልባል? ከዚያ ታካሚዋን ወደ መስኮት አዞርና ትንሽ መስታወት ጉንጯ ላይ ጫን አደርጋለሁ። ደሙ ሲሸሽ ቆዳው ይገረጣል። መስታወቱን ሳነሳ ደሙ ይመለሳል፣ ቦታው መልሶ ይጠቁራል። ተደብቆ የነበረው ቅላት ያኔ ይጋለጣል።

ሮዜሺያ የፊትን መሃል የሚያጠቃ፣ እየሄደ እየመጣ ዓመታት የሚቆይ የቆዳ መቆጣት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ይጀምራል። የፊት ደም ሥሮች በትንሹም በትልቁም ይሰፋሉ፣ የቆዳው መከላከያ ደግሞ ከልኩ በላይ ይቆጣል። በቤተሰብ የመሄድ ነገር አለው። በሁላችንም ፊት ላይ የሚኖር ዴሞዴክስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ አለ፤ ሮዜሺያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ቁጥሩ በዝቶ ይገኛል። ይህ ግን ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። ፊትዎን አብዝተው ቢያሹት ይብስብዎታል እንጂ አይሻልዎትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ፎጣ መለየት አያስፈልግም። መጠጥን በተመለከተ፣ አልኮል ሮዜሺያ ያለበትን ሰው ያባብስበታል እንጂ ጠብታ ያልቀመሰ ሰውም ይያዛል። ይህን ለዘመድዎ ንገሩልኝ።

አሁን ወደ ቅባቱ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ስሙን አልጻፉልኝም። ነገር ግን በሦስት ቀን ፊት የሚያጠራ፣ ሲያቆሙት ብሶ የሚመለስ ቅባት ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት ነው። ቱቦውን ገልብጠው የጥቃቅኑን ጽሑፍ ያንብቡ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚል ካገኙ እሱው ነው። አንዳንዱ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክም ተጨምሮበት ሦስቱም በአንድ ቱቦ ይሸጣል። ፊት ያቀላሉ ተብለው በየቦታው የሚሸጡት ክሬሞች ውስጥም ይገኛል፤ አንዳንዴ መያዣው ላይ ሳይጻፍ። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። በቦታውና በልኩ እኔም በየቀኑ አዝዘዋለሁ። ፊት ላይ፣ ያውም ሮዜሺያ ላይ፣ ለወራት ሲቀባ ግን ነገር ያበላሻል። መጀመሪያ የሰፉትን ደም ሥሮች ያጠብባል፣ ቁጣውን ያፍናል። ሰው «ዳንኩ» ይላል። ውስጥ ውስጡን ግን ቆዳውን ያሳሳል። ሲቆም የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሰውየው ደንግጦ መልሶ ይቀባል። እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላዋል።

እንዲያውም ሮዜሺያ የሌለበት ሰው ፊት ላይ እንኳ ስቴሮይድ ለብቻው ተመሳሳይ ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። የእርስዎ ግለቱና እብጠቱ የጀመረው ከቅባቱ በፊት ስለሆነ፣ እኔ የምጠረጥረው ሮዜሺያው ቀድሞ እንደነበረና ቅባቱ እንዳባባሰው ነው።

ታዲያ ዛሬውኑ ይጣሉት? መቆሙ አይቀርም። ግን ብቻዎን አይጀምሩት። ሲያቆሙ ፊትዎ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተሸንፎ ወደ ቱቦው የሚመለሰው በዚያን ጊዜ ነው። የቆዳ ሐኪም ሁኔታዎን አይቶ ወይ ወደ ደካማ ስቴሮይድ እያወረደ ያስቆምዎታል፣ ወይ በአንድ ጊዜ አስቁሞ ስቴሮይድ በሌለው ቅባትና በሚዋጥ መድኃኒት ያሻግርዎታል። እስከ ቀጠሮዎ ድረስ ቢያንስ መጠኑን አይጨምሩ፣ ጠንከር ወዳለ ቅባትም አይቀይሩ።

ቀጠሮ ለመያዝ ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር ማስጻፍ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ እዚያ መታየትን የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ማዲያትም ብጉርም የሚታከምበት ቤት ነው፤ ይሂዱ።

ሲሄዱ ሜካፕ አይቀቡ። የቀቡትን ሁሉ፣ ዘመድ ከውጭ የላከውንም፣ የውበት ሳሎን በብልቃጥ ቀላቅሎ የሰጠዎትንም፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ምጣዱ አጠገብ ፊትዎ ሲነድ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጠዋት ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ቆዳዎ ጸጥ ብሎ ሊውል ይችላልና ፎቶው ይመሰክርልዎታል።

ሐኪሙ ሌሎች በሽታዎችንም ያስባል፤ ማሰብም አለበት። ጥቁርና ነጭ ራስ ያላቸው ፍሬዎች ካሉ ወደ ብጉር ያደላል። ማዲያት ይጠቁራል እንጂ አያቃጥልም፣ እብጠትም የለውም። ሉፐስ የሚባለው በሽታም ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሽፍታ ያመጣል፣ ፀሐይም ያብስበታል። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት አይነካም። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ወይም የፀጉር መርገፍ ካለብዎት ሳይጠየቁም ይንገሩ፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። በደጋው አገራችን ቁንጭር ስላለም፣ ፊት ላይ ቀስ እያለ የሚያድግና የማያምም እብጠት ወይም ቁስል ካለ ሐኪሙ ናሙና ሊወስድ ይችላል።

ሮዜሺያ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱ ብዙ ነው። ለእብጠቶቹ ከሚቀቡት ውስጥ ሜትሮኒዳዞል፣ አዜላይክ አሲድና 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ክሬም ዋነኞቹ ናቸው። ለእኛ ቆዳ እኔ አዜላይክ አሲድን እወደዋለሁ። እብጠቱ ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ጠባሳም ቀስ በቀስ ያደበዝዛል፣ በእርግዝና ጊዜም ይቀባል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለበልባል። በነገራችን ላይ አይቨርሜክቲን ሲባል ለከብት የሚሰጠውን ወይም ለዓይነ ስውርነት በሽታ ዘመቻ የሚታደለውን ክኒን ፈጭተው በቫዝሊን የሚቀላቅሉ አሉ። እባክዎ እንዳያደርጉት።

ሽፍታው ከበዛ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለተወሰኑ ሳምንታት ይታዘዛል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ጀርም መግደሉ ሳይሆን ቁጣ ማብረዱ ነው፤ ለዚህ በቀን 40 ሚሊ ግራም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት ይበቃል። እኛ ፋርማሲዎች በብዛት ያለው የ100 ሚሊ ግራሙ ነው። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት፣ ውጠው ወዲያው አይተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ መድኃኒት ጋር አብረው አይውሰዱት። ለፀሐይም ያጋልጣል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ቀድመው ይናገሩ፤ አይሰጥም።

ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እነዚህ መድኃኒቶች እንደዚያ ቅባት በሦስት ቀን ተአምር አይሠሩም። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «ይድናል ወይ?» ላሉኝም፣ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ግን እንደ ደም ግፊት ተቆጣጥረውት መኖር ይችላሉ። ሰፍተው የቀሩ ደም ሥሮች በቅባት አይጠፉም፤ ለእነሱ ሌዘር አለ። ጠይም ቆዳ ላይ ያልተመረጠ ሌዘር ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። «እንደኔ ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

የሚቀሰቅሰውን ነገር በተመለከተ፣ ለእርስዎ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ምጣዱ ነው። ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም፤ እንጀራዎ ነው። አክንባሎውን ሲከፍቱ ፊትዎን ዞር ያድርጉ፣ እንፋሎቱ ይለፍ። መስኮት ይክፈቱ። ከቻሉ በየተወሰነው ደቂቃ ወጣ ብለው በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ፊትዎን ይንኩት፤ አይሹት። ለውበት ተብሎ ፊት በእንፋሎት መታጠንም ይቅርብዎ። ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ዳማከሴም ፊትዎ ላይ አይድረስ።

ቀጥሎ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን አይሰማንም። ኤስ.ፒ.ኤፍ. 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቢሆን፣ የተቆጣ ቆዳ ይችለዋል። አመድ እንደተነፋበት ነጭ የሚያደርግዎት ከሆነ ቀለም ያለውን ዓይነት ይፈልጉ። ዋጋው ከከበደዎት ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ቀላል ሥራ አይሠሩም።

ቡና አይተዉም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አንድ ተመራማሪ ሮዜሺያ ላለባቸው ሰዎች ትኩስ ቡና፣ ቀዝቃዛ ቡናና ትኩስ ውኃ አጠጥቶ ነበር። ፊታቸውን ያጋለው ትኩሱ ነው፤ ባዶ ትኩስ ውኃ እንኳ። ቀዝቃዛው ቡና ምንም አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ80,000 በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ቡና አብዝተው በሚጠጡት ላይ ሮዜሺያ አንሶ አግኝቷል። ስለዚህ አቦልም ይጠጡ፣ ቶናም ይድገሙ። ብቻ ሲኒው ይብረድ፣ ከከሰሉም ራቅ ብለው ይቀመጡ።

በርበሬና ቀረፋ አንዳንዱን ይቀሰቅሳሉ፣ አንዳንዱን አይነኩም። በወሬ ሁሉንም ከመተው ለሁለት ሳምንት አልጫ በልተው ይዩት። ለውጥ ከሌለ ወደ ቀይ ወጥዎ ይመለሱ። ፊትዎ የጋለባቸውን ቀኖችና ከዚያ በፊት የበሉትን፣ የሠሩትን በአጭሩ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ዓይንዎን መጨረሻ ያመጣሁት ትንሽ ጉዳይ ሆኖ አይደለም። ሮዜሺያ ዓይንንም ይይዛል፤ ግማሽ ያህል ታካሚዎች የዓይን ምልክት እንደሚኖራቸው ይገመታል። መቆርቆር፣ መድረቅ፣ ማልቀስ፣ የሽፋኑ ጠርዝ መቅላትና መላጥ ይታያል። በንጹሕ ጨርቅ ለብ ያለ ውኃ እያደረጉ የተዘጋውን ዓይንዎን ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙት፣ ከዚያ የሽፋሽፍቱን ሥር ቀስ ብለው ይጥረጉ። ያንን የፊት ቅባት ወደ ዓይንዎ አካባቢ አያስጠጉ፤ ስቴሮይድ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ለቆዳ ሐኪሙም ስለ ዓይንዎ ይንገሩ፤ ብዙ ሰው ቆዳ ክፍል ስለመጣ ብቻ ዓይኑን ሳይጠቅስ ይወጣል። ዓይንዎ ካመመዎት፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ግን የቆዳ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ።